እንጦጦ፣ ሱባ ወይስ ዝቋላ? ለአንድ ቀን የጫካ ጉዞ የቱ ይሻላል

"ብዙ የማያደክም፣ ሰው የማይበዛበት፣ ጫካ ያለው፣ ጠዋት ወጥተን ማታ ቤታችን የምንገባበት ቦታ ንገረን።" ቅዳሜ ሲቃረብ ይህ ጥያቄ ከጓደኛም ከዘመድም ይመጣብኛል። ድሮ "እንጦጦ ሂዱ" ብዬ እገላገል ነበር። ሄደው ሲመለሱ አንዱ "ገበያ ነው እንዴ የላክኸን?" ሲለኝ፣ ሌላዋ ደግሞ "ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል እኮ!" ትለኛለች። የሄዱት አንድ ቦታ ነው። እሱ የሄደው ወር በገባ በ21 ነበር፣ እሷ ማክሰኞ ጠዋት።

ከዚያ ወዲህ "የት?" ለሚለኝ ሰው "መቼ?" ብዬ ሳልጠይቅ አልመልስም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚቻልባቸው፣ ዛፍ የለበሱ ጋራዎች እንደሚታሰበው ብዙ አይደሉም። ሦስቱን ደጋግሜ ስለሄድኩባቸው እነሱን አወዳድራለሁ፦ የእንጦጦን ሸንተረር፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ጫካ፣ እና ዝቋላን። ቸኩላችሁ ከሆነ መልሴ አጭር ነው፤ ሙሉ ቀን ካላችሁ ሱባ፣ ግማሽ ቀን ካላችሁ የእንጦጦ ሰሜናዊ ጎን፣ ጉልበትና መንፈሳዊ ሐሳብ ካላችሁ ዝቋላ። ካልቸኮላችሁ ግን ምክንያቱን ስሙኝ፤ መልሱ እንደ ሰዉ ይለያያልና።

መካከለኛ ጉዞ ስንል

ለእኔ መካከለኛ ማለት ከ10 እስከ 14 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ሽቅቡ ሁሉ ተደምሮ ከ400 እስከ 600 ሜትር የሚደርስ መንገድ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በእግሩ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በማግስቱ ደረጃ ለመውረድ ሳያቃስት ይጨርሰዋል።

ሰዓቱን ለመገመት ተራራ ወጪዎች ከመቶ ዓመት በላይ የያዙት ቀላል ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዙ፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። 12 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 600 ሜትር ብትወጡ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። ስሌቱ ግን ዕረፍት አያውቅም፣ ፎቶ አያውቅም፣ ስንቅ ፈትቶ "ብሉልኝ፣ በሞቴ" መባባልን ጭራሽ አያውቅም። ስለዚህ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁና 5 ሰዓት ይሆናል።

አሁን ከፀሐይ ጋር አስተያዩት። በእኛ ሰማይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ድንግዝግዙም አጭር ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል። ከዚህ ተነስቼ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ፦ ጫፉ ላይ ደረስንም አልደረስንም፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ፊታችን ወደ መኪናው ይዞራል። ይህን ሕግ ያወጣሁት ጥሼው ነው፤ ሱባ ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሳያውቀው ተራራ ላይ ነው የሚኖረው፤ አብዛኛው የከተማው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር ያልፋል። ወደ 3200 ሜትር ሲወጣ ትንሽ ቢያለከልክ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለበዓል የመጣ ዘመድ ግን ሰውነቱ ገና ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ 3300 ሜትር ላይ የሚተነፍሰው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሲሶ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በደረሰ በማግስቱ ጋራ አታስወጡት። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይሰንብት፣ ውኃ ይጠጣ። መንገድ ላይ ራሱን ካመመውና ካጥወለወለው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ "ትንሽ ነው የቀረን" ማለት አይደለም። ለነገሩ ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

እንጦጦ፦ ቅርብ፣ ርካሽ፣ በቀኑ ላይ የተመሠረተ

የእንጦጦ ትልቁ ጥቅም ለመድረስ ምንም ዝግጅት አለመጠየቁ ነው። ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ሌላ ታክሲ ወደ ላይ፤ አለቀ። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ የአንዱ ጫማ ቢቀደድ ከተማዋ ከእግራችሁ ሥር ናት። ለጀማሪ፣ ከልጆች ጋር ለሚሄድ፣ ወይም ጉልበቱን ለማይተማመን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የጋራውን አንድ ክፍል ለውጦታል። ንጣፍ መንገድ አለ፣ ካፌ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ብስክሌት አለ። ጥሩ ነው፤ እናቴን የወሰድኩት እዚያ ነው። ጭር ያለ ጫካ የሚፈልግ ሰው ግን ከፓርኩ ወጣ ብሎ፣ በሸንተረሩ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚያይበት በኩል መሄድ አለበት። ከተማዋ ከእይታ ስትጠፋ የጥሩምባውም ድምፅ አብሮ ይጠፋል። ግራ የሚገባኝ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ከተማዋ አዙሮ ፎቶ ተነስቶ መመለሱ ነው፤ ቁምነገሩ ከጀርባው እያለ።

በዚያ ሸንተረር ላይ ስትሄዱ በውኃ ክፍፍል ላይ ነው የምትሄዱት። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀልና እስከ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የውኃ ኮዳ አንስታችሁ ግራና ቀኝ አፍስሱላቸው፤ ለሰዓታት ሲያወሩበት ይውላሉ።

ጫካው ራሱ ግን ባሕር ዛፍ ነው፣ ይህን አውቃችሁ ሂዱ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአገሩ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አልቆ ስለነበር ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ከአውስትራሊያ መጣ፤ እንጦጦን ያለበሰው እሱ ነው። ጥድና ወይራ ማየት ከፈለጋችሁ አብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ውስጥ ፈልጉ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ብዙ ነገር አይበቅልም፣ ጥላውም ስስ ነው፤ ስለዚህ ኮፍያ ያዙ። መሬቱ ላይ የሚረግፈው ደረቅ ቅጠል፣ ቅርፊትና ትንንሽ ጠንካራ ፍሬ ቁልቁለት ላይ እንደ ጠጠር ኳስ ከጫማ ሥር ይንከባለላል። እንጦጦ ላይ ተንሸራትተው የወደቁ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የወደቁት ሲወርዱ ነው፣ በደረቅ ቀን።

ጸጥታውን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ነው ብያለሁ። ወር በገባ በ1 ራጉኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም ነው። የካ በኩል ወደ ዋሻ ሚካኤል ለመውጣት ያሰበ ደግሞ 12ን ያስታውስ። በእነዚህ ቀኖች መሳለም የምትፈልጉ ከሆነ እሰየው፤ ጭርታ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ምረጡ። ከሥራ ቀኖች ማክሰኞና ሐሙስ ይሻላሉ። ጎሕ ሲቀድ ከወጣችሁ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ሽው ብለው ያልፏችኋል፤ እናንተ እያለከለካችሁ እነሱ እያወሩ። አትቀየሙ።

የእንጦጦ ድክመት ቅርበቱ ራሱ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ማንም ዝግጅት አያደርግም፤ ብቻውን፣ ያለ ውኃ፣ አመሻሽ ላይ ይወጣል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከመሸ በኋላ ጋራው የጅብ ነው።

ሱባ፦ ጫካ ሲባል ጫካ

ከሦስቱ ለልቤ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ብረዝምባችሁ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሙሉ ስሙ መናገሻ ሱባ ይባላል። በአምቦ መንገድ ላይ ደግሞ መናገሻ የምትባል ከተማ አለች። ጫካውና ጽሕፈት ቤቱ ያሉት ግን በወጨጫ ተራራ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚኬደው በጅማ መንገድ በሰበታ ተገብቶ ነው። መጀመሪያ የሄድን ቀን ለኮንትራት ሚኒባስ ሹፌሩ "መናገሻ" ብቻ ብለነው የኋላ ወንበር ላይ ተኛን። ስንነቃ በአምቦ መንገድ ከተማዋ መሀል ቆመን "ደረሳችሁ" አለን። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ያልነውን ነው ያደረገው። ዞረን ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። 2 ሰዓት ላይ መጀመር የነበረበትን ጉዞ 5 ሰዓት ላይ ጀምረን፣ "እዚህ ድረስ መጥተንማ" ብለን ሽቅብ ቀጠልን፤ ስንወርድ ጨለመብን። ከስምንት ሰው አንድ ባትሪ ነበረን፤ የሌላው ሁሉ ስልክ ፎቶ ሲያነሳበት ውሎ ሞቷል። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት አንዱ የአንዱን ቦርሳ ይዞ እንደ ግመል ሲራራ ወረድን። የ8 ሰዓቱ ሕግ የተወለደው ያን ምሽት ነው። ለሹፌር "ሱባ ጫካ፣ በሰበታ በኩል" በሉት።

ርቀቱ ከመሀል ከተማ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሰበታ በኋላ ያለው የአፈር መንገድ ግን ኪሎ ሜትሩ ከሚያሳየው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ከ12 ሰዓት ጠዋት በኋላ ከተማዋን ለመውጣት ያሰበ ሰው የሰበታን መንገድ የጭነት መኪኖች ያስተምሩታል። በክረምት ዝቅ ያለ የቤት መኪና ይዛችሁ አትሞክሩት።

ጫካው ከ2200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ እስከ ወጨጫ ጫፍ 3385 ሜትር ድረስ የሚዘረጋ ከፍታ ላይ ያለ ነው፤ ውበቱም ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ዛፉ መለዋወጡ ነው። ታች ዝግባ፣ ጥድና ወይራ ናቸው። ጥዶቹ ለሁለትና ለሦስት ሰው እቅፍ የሚበቁ ናቸው። ከፍ ስትሉ ኮሶው ይመጣል፤ ቅርፊቱ ቀላ ያለ፣ አበባው እንደ ሹሩባ የሚንዠረገግ። አያቶቻችን ለትል የጠጡት ይህንኑ ነው፤ "ኮሶ መጠጣት" ምን እንደሆነ ያልገባው ወጣት ዛፉን ካየው በኋላም አይገባውም፣ መቅመስ ብቻ ነው መፍትሔው። ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው ነገር ጉም ይይዛልና ጠዋት ጠዋት ሳይዘንብ ያንጠባጥባል። ከዚያ በላይ ዛፉ ያጥራል፣ አስታና አምጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ይበዛሉ፤ ወደ ጫፉ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ስለ ጫካው ዕድሜ የሚነገር አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋራው ተራቁቶ አይተው፣ አንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በትውፊት የመጣ ነው። ጥዶቹ ሥር ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው ግን ለማመን አይቸገርም።

እንስሳትን በተመለከተ ጉሬዛን የማያይ ብርቅ ነው። ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዳኛ ይቀመጣል፤ ጎሕ ሲቀድ የሚያሰማው ጉርምርምታ ላላወቀው ሰው ያስደነግጣል። በሳይንስ ስሙ የምኒልክን ስም የያዘው የደጋ ድኩላም እዚህ አለ፤ ወንዱ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው ነው። እሱን የሚያየው ግን ዝም ያለ ብቻ ነው። ስምንት ሆነን በሄድን ቀን የድኩላ ጥላም አላየንም፤ ሁለት ሆነን የሄድን ቀን ሁለቴ አየነው። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ቁጥራችሁን ከአራት አታሳልፉ፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚመጣውን ጓደኛችሁን ደግሞ እንጦጦ ጋብዙት።

ለመካከለኛ ጉዞ እስከ ጫፉ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም አልመክርም። ከጽሕፈት ቤቱ ተነስቶ ጫፍ ደርሶ መመለስ ለብዙ ሰው ከባድ ጉዞ ነው። ትልቁ ጫካ አልቆ አስታው የጀመረበት አካባቢ ጥሩ መመለሻ ነው፤ የጫካውን ደርብ ሁሉ አይታችኋል፣ ጉልበታችሁም አላለቀም። በር ላይ ክፍያ አለ፤ የምታገኙት ሰው የጫካው ጥበቃ ሠራተኛ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ መንገድ መሪ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት፤ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ዝርዝር ብር ያዙ። ውስጥ የተረገጡ ዱካዎች ብዙ ናቸው፤ ከብት የሄደበትና ሰው የሚሄድበት ሲለያይ ለእኛ አይታየንም። ሱቅ የለም፣ ስልክም ይቆራረጣል። ከመንገዱ ዳር ያለውን ለስላሳ የሚመስል ቅጠል እንዳትደገፉ፤ ሳማ ነው።

ሱባን በገደል፣ በሐይቅ ወይም በሩቅ እይታ የሚመዝን ሰው ቅር ይለዋል። አብዛኛውን ሰዓት የምታዩት ግንድ፣ ቅጠልና የራሳችሁን እግር ነው። እኔን የሚያስደስተኝ እሱ ነው፤ ባለቤቴ ግን በሁለተኛው ሰዓት "መቼ ነው የሚገለጠው?" ትላለች። ጓደኞቻችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ቀድማችሁ ዕወቁ።

ዝቋላ፦ ለሚችል

ዝቋላ ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ከሜዳው መሀል ብቻውን የቆመ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታው 2989 ሜትር። አናቱ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎድጓዳ አፍ አለ፤ ውስጡ ሐይቅ፣ ዙሪያው ጥድ፣ አጠገቡ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። ጻድቁ በሥዕላቸው ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር እንደሚታዩ ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ላይ ዛፍ የተረፈው ገዳሙ ስለጠበቀው ነው፤ ዙሪያው ሜዳ የአድኣ ጤፍ ነው።

ከሜዳው በእግር ከጀመራችሁ መካከለኛ ያልኩትን መለኪያ ጥሎ ይሄዳል። የቢሾፍቱ ሜዳ 1900 ሜትር አካባቢ ነውና ልዩነቱን ራሳችሁ ቀንሱት፤ ከዚያ ላይ ሽቅቡ ፀሐይ የሚመታው ነው። ሁለተኛው አማራጭ ጠንካራ መኪና ይዞ ወደ ላይ ከፍ ብሎ መድረስና የአፉን ዳርቻ በእግር መዞር ነው። ይህ መካከለኛ ነው፣ እይታውም ከሦስቱ ይበልጣል፤ በአንድ ወገን ሐይቁ፣ በሌላው ወገን እስከ ስምጥ ሸለቆ ድረስ የተዘረጋው ሜዳ። የታቹ አፈር መረሬ ስለሆነ ዝናብ ከነካው ጎማውንም ጫማውንም ይውጣል። በክረምት ዝቋላን እርሱት።

ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ንግሡ ነው፤ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይጎርፋል። ወር በገባ በ5ም ሰው አይጠፋም። በሌላው ቀን ጸጥታው የገዳም ጸጥታ ነው፤ ይህም የራሱ ደንብ አለው። ቁምጣ ለብሳችሁ አትውጡ፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ሐይቁ ውስጥ ልዋኝ አትበሉ፣ በጾም ቀን የፍስክ ስንቅ አትፍቱ። እዚያ የሚኖሩት መነኮሳት ለጸሎት እንጂ እኛን ለማስተናገድ አልመነኑም። ይህ የሚከብደው ሰው ሱባ ይሂድ።

ወፍ ዋሻንስ ለምን ተውከው ለምትሉኝ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጫካ እሱ መሆኑን አልክድም። ግን ደብረ ብርሃን ብቻ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጫካው ደግሞ ከዚያ አልፎ ነው፤ ቢያንስ አንድ አዳር ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ሁኔታም ለመዝናናት ሂዱ ብዬ የምልክ ሰው አይደለሁም።

እንግዲህ ማን የት ይሂድ

ከወላጆች ወይም ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆናችሁ እንጦጦ፣ ያለ ጥርጥር። ለዕረፍት ከውጭ ለመጣ ሰው በሦስተኛው ቀን እንጦጦ፣ በሳምንቱ ሱባ። ከፍቅረኛ ጋር? ሱባ፣ እሷም እሱም ጫካ የሚወዱ ከሆነ ብቻ። ገንዘብ ያነሰው ተማሪ እንጦጦ፤ የታክሲ ሒሳብና ዳቦ ይበቃዋል። ለሱባና ለዝቋላ ዋናው ወጪ መኪናው ነውና ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ መከፋፈል ያዋጣል፤ ችግሩ መኪናው ሲሞላ ጸጥታው መጉደሉ ነው። እኛ የፈታነው በር ላይ ስንደርስ ሁለትና ሦስት እየሆንን፣ በሩብ ሰዓት ልዩነት በመነሳት ነው።

በወር ከመረጣችሁ ደግሞ፣ ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ለሦስቱም ወርቃማ ጊዜ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ አቧራው አልጀመረም፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጠዋቱ ግን የሚቆረጥም ነው፤ በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ አስቡና ከተማ ውስጥ ከለበሳችሁት ላይ አንድ ልብስ ጨምሩ። የካቲትና መጋቢት ደረቅ ናቸው፤ እሳት አታንድዱ፣ ሲጋራም አትጣሉ። በበልግ ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊመጣ ይችላል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከሸንተረሩ አናት ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍም ራቁ። ሐምሌና ነሐሴ? ዝናብ ከሚወድ ሰው ጋር እንጦጦ፣ ሌላው ይቆይ።

ከሁሉ በፊት ግን ጸጥታን በሌላ ትርጉሙ ጠይቁ። በእነዚህ ዓመታት ከከተማ ወጣ ለማለት የአካባቢውን ሁኔታ መጠየቅ የዝግጅቱ አንድ አካል ሆኗል። ሰበታ ወይም ቢሾፍቱ ዘመድ ካላችሁ በዋዜማው ደውሉ፤ መንገዱን በየቀኑ የሚመላለሱ ሹፌሮችም ከማንም በተሻለ ያውቃሉ። "አሁን ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅርባችሁ። ጋራው የትም አይሄድም።

ስንቅና ጫማ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። ጫማው ጥርስ ያለውና እግራችሁ የለመደው ይሁን፤ አዲስ ጫማ በጉዞ ቀን መመረቅ ተረከዝን መመረቅ ነው። ለሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ። በሶ በጭብጦ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ከብስኩት ሁሉ ይበልጣል፤ አይበላሽም፣ አይፈርስም፣ የጾም ነው፣ ለረጅም ሰዓት ይይዛል። ቆሎ በኪስ፣ ሙዝና ብርቱካን በቦርሳ። ልጣጩን ይዛችሁ ተመለሱ፤ "ይበሰብሳል" የሚለው ሰበብ ለፕላስቲኩም ሲያገለግል አይቻለሁ። ባትሪ በየሰዉ አንድ፣ ፊሽካ፣ ቀላል የዝናብ ልብስ፣ ለቁልቁለቱ ዱላ። ዱላው ለጉልበት ብቻ አይደለም።

ምክንያቱም ውሻ አለ። የእረኛና የገበሬ ውሻ ሥራው መጮህ ነው። አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ዱላችሁን መሬት ላይ ያዙ፣ ባለቤቱን ተጣሩ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳ መምሰል ብቻ አብዛኛውን ያርቃል።

ጭር ያለ ሸንተረር ስንል ሰው የሌለበት ማለት እንዳልሆነ እዚያ ስትደርሱ ይገባችኋል። እንጦጦ ላይ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሟችኋል፤ መንገዱን ልቀቁላቸው፤ ሸክም የያዘ ሰው ቁልቁለት ላይ ቆሞ መነሳት ይከብደዋል። ሱባ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከየት መጣ ሳይባል አጠገባችሁ ቆሞ ይገኛል። "አካም ጅርታ?" ብትሉት ፊቱ ይበራል። ሰላምታ ሳይሰጥ የሚያልፍ መንገደኛ በገጠር ይጠረጠራል፤ ሰላም ያለ ግን መንገድ ቢጠፋው ሳይጠይቅ ያሳዩታል። ያን በጨለማ የወረድን ምሽት ከጫካው ያወጣን፣ ከሰዓት በኋላ ሰላም ብለነው ያለፍነው አንድ እረኛ ነበር። ድምፃችንን ሰምቶ ከቤቱ ወጥቶ መጣ፤ ባትሪ እንኳ አልያዘም።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ባለው ማክሰኞ ለመሄድ ከያኔው ሹፌር ጋር ባለፈው ተነጋግረናል። "ሱባ፣ በሰበታ በኩል" አልኩት፣ አስረግጬ። "ገባኝ፣ ገባኝ" አለና ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ "መናገሻ ነው አይደል?"